እንግዳው ጭቃ ይርገጥ

የቀበሌያችን ምክር ቤት አባል ሆኜ የተመረጥኩት ስለምጮህ ነው። ሌላ ምክንያት አላውቅለትም። ከየካ ሚካኤል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት ነበረኝ፤ ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ ማውራት ይረሳል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ደንበኛው ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ «ራት ቀርቧል» ስል ባለቤቴ «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ይለኝ ነበር።

ኢሕአዴግ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለየቀበሌው ምክር ቤት በመቶ የሚቆጠር ሰው ይመረጥ ተባለ፤ ሴቶችም ይብዙ ተባለ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሲመክር እኔን ጠቆሙ። «ኧረ እባካችሁ፣ እኔ ፖለቲካ አላውቅም» ብል ማን ይስማኝ! የእድራችን ሰብሳቢ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና «አንቺ ልጅ፣ ፖለቲካውን ለሚችሉት ተይላቸው። አንቺ ብቻ እዚያ ሄደሽ እንደ ልማድሽ ጩኺልን» አሉኝ። ተመረጥኩ። ባለቤቴ ደስ አለው፤ ቤት ውስጥ የምጮኸው ይቀንሳል ብሎ ነው።

የሚያስጮህ ነገር ደግሞ ነበረን። ወንዛችን። «ወንዝ» የምለው ለክብሩ ያህል ነው እንጂ በጋ ላይ ዶሮ የምትሻገረው ጅረት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከእንጦጦ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አፈሩን ጠራርጎ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣና ሰፈራችንን ለሁለት ይከፍለዋል። ከወዲህ አስፋልቱ፣ ሱቁ፣ ጤና ጣቢያው፣ የመገናኛ ታክሲው፤ ከወዲያ ማዶ ቤት ብቻ። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመን እንሻገር ነበር፤ እሱንም ወንዙ በየክረምቱ ይወስደዋል። ያኔ እኛ ጤነኞቹ ጫማችንን አውልቀን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ወንዙንም መንግሥትንም እየረገምን እንሻገራለን።

ከወዲያ ማዶ አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረችኝ። በልጅነቷ ልምሻ ይዟት በሁለት ክራንች ነበር የምትሄደው። የስፌት መኪናዋ ያለው ደግሞ በዚህ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር ባለ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ልብስ፣ ሁሉም እሷ ጋ ይሰፋል። የኦርቶዶክሱም የጴንጤውም መዝሙር ክፍል ልብሱን እሷ ጋ ያሰፋ ስለነበር «እኔ ዘንድ ሁሉም በአንድ መርፌ ነው» እያለች ትቀልድ ነበር። በበጋ ራሷ ትሻገራለች። ክረምት ላይ ግን ካላዘሏት መሻገር አትችልም፤ አዝሏት የሚሻገር ጎረምሳም አይጠፋም። እሷ ግን መታዘልን እንደ ሞት ትጠላ ነበር። «ደግነታቸውን አውቃለሁ» አለችኝ አንድ ቀን። «ግን ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ሰው ጀርባ ላይ ሆኜ ከደንበኛዬ ጋር ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም የት ልግባ?» ስለዚህ ክረምቱን አብዛኛውን ቤቷ ትቀመጣለች፤ በረንዳውም ባዶውን ይከርማል።

ባለ ሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ታክቶታል። «ዘንድሮም ክረምቱን ከጠፋሽ ቦታውን ለሌላ ሰፊ እሰጣለሁ» አላት። ይሄን ሰምታ በቀጥታ ወፍጮ ቤቴ መጣች። ሞተሩን አጠፋሁላት።

«እትዬ» አለችኝ፣ «እኔ አንቺን መርጬሻለሁ። በራሴ እግር የምሻገርበት ድልድይ አምጪልኝ። ክረምቱ ሳይገባ።»

«አመጣለሁ» አልኳት። አፌ ይቆረጥ፤ ድልድይ እንደ ጤፍ የሚፈጭ መስሎኝ ነው።

ቀበሌ ሄድኩ፤ ጉዳዩ የክፍለ ከተማ ነው አሉኝ። ክፍለ ከተማ ሄድኩ፤ በቀበሌ በኩል ይምጣ አሉኝ። በቀበሌ በኩል መጣሁ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ። ስብሰባው ሲያልቅ በዕቅድ ተይዟል አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ! ባለቤቴ እህሉን ብቻውን እየፈጨ ዱቄት መስሎ ይጠብቀኝ ጀመር። የምክር ቤት አባልነት መታወቂያዬን ከቦርሳዬ ሳወጣ የሚፈራኝ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነበር። ግን አንዴ ቃል ከአፌ ወጥቷል፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር መሄዱንም እየወደድኩት መጣሁ። ሰው ሁሉ «ክብርት የምክር ቤት አባል» ሲለኝ ነጠላዬን አስተካክል ነበር።

በመጨረሻ ክፍለ ከተማው ውስጥ ያሉ አንድ መሐንዲስ «እሺ፣ መጥተን በዓይናችን እናየዋለን» አሉኝ። ወጣት ናቸው፣ ጫማቸው መስታወት ይመስላል። ሚያዝያ ነው፤ የበልጉ ዝናብ አንድ ሁለት ቀን ጥሎ ወንዙ መሙላት ጀምሯል፣ ጭቃውም ጥሩ ጭቃ ሆኗል። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ብዬ ደስ አለኝ። ወፍጮ ቤት ለመጣው ሁሉ «ሐሙስ ከክፍለ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ!» ብዬ አወጅኩ። «እንግዶች» ብዬ ነው ጉዱን ያመጣሁት።

ሐሙስ ጧት ቀበሌ ሄጄ መሐንዲሱንና ባልደረቦቻቸውን ይዤ መጣሁ። መኪናው አስፋልቱ ጫፍ ቆመ። በእግራችን ወደ ሰፈሩ ታጠፍን። መጀመሪያ መንገድ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ጭቃው የለም! ሰፈሩ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጠጠር አፍስሶበታል፣ በጠጠሩ ላይ ከአናጢው ቤት ሰጋቱራ አምጥቶ ነስንሶበታል፣ በሰጋቱራው ላይ ቄጠማ ጎዝጉዞበታል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግንዱ ላይ ጣውላ ተረብርቧል፤ ግራና ቀኙ በእድሩ የድንኳን ምሰሶ መደገፊያ ተሠርቶለታል። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ዳቦ ቆሎው በትሪ፣ ለስላሳው በሳጥን። ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያሉ እጅ ይነሳሉ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴስ? ንጋት ላይ አዝለው አሻግረዋት፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ራሷ በሰፋችው የጠረጴዛ ልብስ አጠገብ ከፊት ተቀምጣለች። ክራንቾቹን እንግዳ እንዳያደናቅፉ ብለው ከወንበሩ ሥር ሸሽገውባታል። እኔን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች።

መሐንዲሱ በድልድዩ ላይ ሄዱ፣ በድልድዩ ላይ ተመለሱ። ጫማቸው ላይ አንድ ነጠብጣብ የለም። ወደ እኔ ዞረው «ታዲያ ድልድይ አላችሁ አይደል እንዴ፣ እናቴ?» አሉኝ።

ድልድዩ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ «እናቴ»! «ይሄ እኮ ዛሬ ጧት የተሠራ ነው!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሼ ነጠላዬን ከኋላ ጎተቱኝ። «አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ፊት አታዋርጂን» አሉ በጥርሳቸው። መሐንዲሱም ምንም አልሰሙ፤ ዳቦ ቆሎ አፋቸው ውስጥ ነው። አብረዋቸው ከመጡት አንዱ ተነስተው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ንግግር አደረጉ። ኅብረተሰቡ የራሱን ችግር በራሱ ፈትቷል፣ ለሌላውም ሰፈር ምሳሌ ይሆናል አሉ። ሰፈሩ አጨበጨበ። ሰፈሩ! የሚሠራለትን ድልድይ እያጨበጨበ ቀበረ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ጋሼን ተቆጣኋቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። «ምን ሆናችሁ ነው ጋሼ? ችግራችንን ሊያዩ መጥተው ችግሩን ጠርጋችሁ ትጠብቋቸዋላችሁ?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉኝ ከልባቸው ተገርመው። «ሰው ልከን ጠርተናቸው፣ አክብረውን ደጃችን ሲመጡ ጭቃ ውስጥ እንክተታቸው? ወግ አይደል እንዴ! ሰው ምን ይለናል?»

ሌሎቹም «እውነታቸውን ነው» አሉ። ምን ይባላል? እኔም ብሆን ቤቴ ሰው ሲመጣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በመጋረጃ ነው የምሸፍነው። ተናድጄ፣ ደግሞ ሳቄ መጥቶ፣ ጎረቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አይዞሽ» ልላት ስል «ዳቦ ቆሎው ጥሩ ነው» አለችኝና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። በሳምንቱ ዝናብ መጣና ጣውላውን ከእነ እድሩ ምሰሶ ጠርጎ ወሰደው።

ግንቦት ላይ የምክር ቤቱ ጉባኤ ተጠራ። ጉባኤያችን የራሱ ሥርዓት አለው። ሪፖርት ይቀርባል፤ ተናጋሪው ሁሉ «የቀረበው ሪፖርት ጥሩ ነው፣ እንደ ማዳበሪያ ያህል…» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ሻይና ብስኩት ይመጣል። እኔም ብስኩቱ እስኪመጣ እንቅልፌን እታገል ነበር። የዚያን ቀን ግን «ከየካ ሚካኤል በታች ያለው የመሻገሪያ ችግር በኅብረተሰቡ ተነሳሽነት ተፈትቷል» የሚለውን ስሰማ ጭብጨባው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ።

አፈ ጉባኤው «ወይዘሮ፣ ማይክ ይሰጥዎ» አሉ።

«አያስፈልገኝም» አልኩ፤ አዳራሹ ሳቀ። «ሪፖርቱ ውሸት ነው አልልም። ድልድዩ ነበረ። ከቁርስ እስከ ምሳ ነበረ። አሁን ግን ወንዝ ወስዶት የት እንደደረሰ አላውቅም።» ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሰጋቱራውን፣ ቄጠማውን፣ ለስላሳውን። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ግን ወደ ጎረቤቴና ወደ በረንዳዋ አለፍኩ።

አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ እውነቱን ለምን አላሳያችኋቸውም?»

«አፍረን ነዋ!»

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ጋራዥ ያላቸው፣ የሌላ ሰፈር ተመራጭ የሆኑ ሰው ቀስ ብለው ተነሡ። «እኛም…» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኛም የቦኖ ውኃው ደርቋል ብለን አመልክተን፣ ሊያዩ ሲመጡ ባዶ በርሜል ለእንግዳ አይታይም ብለን በአህያ ውኃ አስመጥተን ሞላነው።» አዳራሹ ገነፈለ። ከዚያማ ማን ይቻለው! አንዷ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድ አመጣች፤ ሌላው የጨለመውን መንገድ። መብራት የለንም ብለው አቤት ብለው፣ ሊያይ የመጣውን ሰው በየቤቱ ፋኖስ ለኩሰው እንደ ሙሽራ ተቀብለውታል። ዓመት ሙሉ እዚያ አዳራሽ ስንሰበሰብ እንደዚያን ቀን እርስ በርስ የተዋወቅንበት ጊዜ አልነበረም። አፈ ጉባኤው ራሳቸው በመሐረብ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ መሐንዲሱ ተመልሰው መጥተው «ምንም ዓይነት ዝግጅት ሳይደረግ» እንዲያዩ ውሳኔ አስወሰኑ። እሰይ! ብስኩቱ የዚያን ቀን ጣፈጠኝ።

ውሳኔው ተገኘ፤ ሰፈሩን ማን ያሳምንልኝ? ወፍጮ ቤቱን ዘግቼ ቤት ለቤት ዞርኩ። «በሞቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ባለጌ ሁኑልኝ። ጭቃውን እንዳትነኩት። ከተቀመጣችሁበት እንዳትነሡ።»

«ውኃ ከጠማቸውስ?» አለችኝ አንዷ።

«ይጥማቸው!»

«ኧረ የሰው ያለህ! ሴትዮዋ ሥልጣን አሳበዳት!»

የባሰው ጋሼ ጋ ነው። «እኔ ደጄ የመጣ ሰው ተቀምጬ ተቀብዬ አላውቅም» አሉኝ። ድምፃቸው ልመና ሆነ። «እንግዲያው ቤትዎ ይዋሉልኝ» አልኳቸው። ከዘራቸውን መታ መታ አደረጉና «እውላለሁ፤ በመስኮት ግን አያለሁ» አሉ።

መሐንዲሱ የመጡ ቀን ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይጎርፋል፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሰፈሩ በየደጁ ተቀምጧል። ማንም አልተነሣም፤ ማንም «ደህና ዋሉ» አላለም። ሐዘን የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። ሴቶቹ እንግዳው እንዳያያቸው ወደ ግድግዳ ዞረዋል። በጋሼ መስኮት መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። መሐንዲሱ ወንዙ አፋፍ ቆመው «ሰዉ ተቀይሞኛል እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ። አንጀቴን በሉት።

ይሄኔ ጎረቤቴ በወዲያ ማዶ ብቅ አለች። ነይ ብዬ አልጠራኋትም፤ የሥራ ቀን ነው፣ ሥራዋ ልትሄድ ነው። የሰፋቻቸውን ዩኒፎርሞች በፌስታል ጠቅልላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ወንዙን አየችው፤ እኛን አየችን፤ ከዚያ ክራንቿን አስቀድማ ወረደች። ሁለት ርምጃ እንደሄደች አንዱ ክራንች ድንጋይ ስቶ ገባ፤ ውኃው እስከ ወገቧ ደረሰ። ብልግናዬ፣ ዕቅዴ፣ ምክር ቤቴ ሁሉ ገደል ገባ፤ «ኧረ ያዟት!» ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ ብድግ አለ፤ ጋሼ በባዶ እግራቸው ከቤት ወጡ። ከሁሉ በፊት ግን መሐንዲሱ፣ ከእነ ጫማቸው፣ ከእነ ካልሲያቸው፣ ውኃው ውስጥ ገብተው ነበር።

አጠገቧ ደርሰው ጀርባቸውን ሰጧት። «እህቴ፣ ነይ ላዝልሽ» አሏት።

እሷ በአንድ ክራንች ቆማ፣ ልብሷ ተጣብቆባት፣ እየተንቀጠቀጠች፣ «ጌታዬ፣ ጀርባማ ሞልቶኛል» አለቻቸው። «ያጣሁት ድልድይ ነው።»

ሁላችንም ሰማን። መሐንዲሱ ቀና አሉ። ከዚያ ዞሩና «እንግዲያው ምን ልያዝልሽ?» አሏት። ፌስታሉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው። እሳቸው የልጆቹን ዩኒፎርም ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ከጎኗ ሆኑ፤ እሷም የገባውን ክራንች ነቅላ፣ በራሷ፣ እየቆመች እያረፈች፣ ተሻገረች።

ዳር ሲደርሱ ሰፈሩ ዓይኑን ወደ እኔ አደረገ። «በሉ አሁን ደግ ሁኑ!» አልኩ። አቤት የዚያን ጊዜ ግርግር! አንዷ ብርድ ልብስ፣ አንዷ ፎጣ፣ ሌላዋ የባሏን ደረቅ ካልሲ፤ ጋሼ ራሳቸው የሞቀ ውኃ በማስታጠቢያ ይዘው መጥተው መሐንዲሱን በግድ አስቀመጧቸው። ታፍኖ የዋለ ደግነት ሲለቀቅ ሰው ያሰጥማል። መሐንዲሱ የሰው ካልሲ አጥልቀው፣ ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው፣ እዚያው መለካት ጀመሩ። ስፋቱን ሲነግሩን ጎረቤቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ትንሽ ይጨምሩበት» አለች። «ከፊቴ ሰው ሲመጣ ወደ ኋላ እንዳልመለስ።» ጨመሩበት።

ሲሚንቶና ብረቱ ከክፍለ ከተማው መጣ፤ ጉልበቱ ከእኛ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሊቀድመን ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ እኔ አሸዋ በሚያመላልሱት ላይ እየጮህኩ ድምፄ ተዘጋ። ባለቤቴ ሦስት ቀን አርፎ ተኛ። ባለ ሱቁም መጥቶ አንድ ቀን ድንጋይ ሲያቀብል ዋለ።

ምርቃቱ ቅዳሜ ጧት ሆነ። የክፍለ ከተማው ኃላፊ መጡ፣ አፈ ጉባኤው መጡ፣ ፎቶ አንሺ መጣ። ሪባኑ ከንጋት ጀምሮ ተወጥሯል። መጀመሪያ የምትሻገረው እሷ ትሁን፣ ሪባኑንም እሷ ትቁረጥ ተባለና መቀሱ በትሪ ቀረበ። እሷ ግን የለችም። ማዶ ቤቷ ሰው ተላከ፤ ዝግ ነው። ፎቶ አንሺው ሰዓቱን ያያል፣ ደመናው እየከበደ ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ።

በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች።

«አንቺ! ሁሉም አንቺን ነው የሚጠብቀው! በየት አለፍሽ?»

«በድልድዩ ነዋ» አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ሰው ሳይሰበሰብ፣ ከሪባኑ ዝቅ ብዬ በሥሩ አለፍኩ። ሥራ ረፈደብኝ።»

«ነይ እንጂ! ፎቶ ሊያነሱሽ ነው፣ መቀስ ይዘው ቆመዋል!»

«እትዬ፣ ይሄን ልብስ ለነገ ጧት ለመዘምራኑ ማድረስ አለብኝ። መቀስማ እዚህም አለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

አሁን ቀና ብላ አየችኝ፤ በጣም ደስ ብሏት ነበር። «መርጬሽ የለም እንዴ?» አለችኝ። «ሂጂና ቁረጪልኝ።»

ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እኔም ዝናቡ ሳይጀምር ሄጄ ቆረጥኩላት።